«ቀላል ጠመንጃ አትግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ በሚኖሩ ሐበሻ አዳኞች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደረሰኝ። ርዕሱ «ቀላል ጠመንጃ አትግዙ» ይላል። ጸሐፊው ጠመንጃ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ይጥማል። ምላሽ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ዝም ብሎ የተሞነጫጨረ ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም ቁም ነገር ብሎ አያነበውም ነበር። አሁን ግን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮሎራዶን ተራራ ወጥተው ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ያሰቡ ልጆች ይህን አንብበው 11 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ሊገዙ እያማረጡ ነው።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሚናገሩት ስለ ቦልት አክሽን ጠመንጃ ነው፤ መቀርቀሪያውን (ቦልቱን) በእጅ እየሳቡ እያንዳንዱን ጥይት እያጎረሱ ስለሚተኩሱት ዓይነት። ቀላል የሚሉት ያለ ቴሌስኮፕ ከ6 ፓውንድ ተኩል፣ ከ3 ኪሎ ገደማ በታች የሆነውን ነው። በዚህ እስማማለሁ።

ክሶቻቸው ስድስት ናቸው። አንደኛ፣ ቀጭን በርሜል ሲተኮስ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ቀጭን በርሜል ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ጥይቱ ከቦታው እየሸሸ ይሄዳል። ለዚህም የራሳቸውን ሙከራ ያቀርባሉ። በአንድ ቀላል ጠመንጃ 10 ጥይት አከታትለው 100 ያርድ ላይ ተኩሰው 3 ኢንች ስፋት ውስጥ ተበትኖባቸዋል። ከባዱ ጠመንጃቸው ግን አንድ ኢንች ተኩል ውስጥ ሰብስቦታል። ሦስተኛ፣ ፋብሪካዎች «100 ያርድ ላይ ከአንድ ኢንች አይወጣም» ብለው የሚሰጡት ዋስትና ማታለያ ነው። አራተኛ፣ ቀላል ጠመንጃ ትከሻ ይረግጣል፤ ተኳሹን ያስፈራዋል። አምስተኛ፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ብረቱ ተፍቆ፣ የቀረው ፕላስቲክ ሆኖ ስለሚሠራ በጭንቅ ሰዓት ይከዳል፤ የአባቶቻችን ምንሽር ግን እስከ ዛሬ ይተኩሳል። ስድስተኛ፣ ሁለት ፓውንድ መቀነስ የፈለገ ሰው ከሆዱ ይቀንስ።

መቼም የመጨረሻዋን አንብቤ ስቄያለሁ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ጸሐፊው መግቢያቸው ላይ ቀላል ጠመንጃን «የዘንድሮ ፋሽን» ይሉታል። አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የኦስትሪያው ማንሊኸር ሾናወር በ1903 ወጥቶ የአውሮፓ ተራራ አዳኞች አጭሩን ካርባይን ለቀላልነቱ ሲመርጡት ኖረዋል። ዊንቸስተር ሞዴል 70ን በ«ፌዘርዌይት» ስም አቅልሎ ያወጣው በ1952 ነው። ሬሚንግተን ሞዴል ሰቨንን ያወጣው በ1983 ነው። ሰው ተራራ ላይ መሣሪያ ተሸክሞ መውጣት ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ክብደቱን ሲያማርር ኖሯል።

ወደ በርሜሉ እንግባ። ቀጭን በርሜል ከወፍራሙ ይልቅ ይወዛወዛል መባሉ ትክክል ነው። ሕጉም የታወቀ ነው። የአንድ ብረት ዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ኃይል ይሄዳል። ውፍረቱን 10 በመቶ ብትቀንሱለት ጥንካሬው 34 በመቶ ያህል ይወርዳል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆሙ። የሕጉን ሌላኛ ግማሽ ግን አልነገሩንም። ጥንካሬ ከርዝመት ጋርም ይሄዳል፤ ርዝመቱ ሲያጥር ጥንካሬው በሦስተኛ ኃይል ይጨምራል። ረጅም ሸምበቆ በእጅ ይጎብጣል፤ ያንኑ ሸምበቆ ለሁለት ስትሰብሩት ግን እምቢ ይላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። የጥይቱን መውጫ ቀዳዳ ለጊዜው ትተን በግርድፉ እናስላ። 24 ኢንች የነበረውን በርሜል ወደ 20 ኢንች እናሳጥረው። በዚህ ብቻ ጥንካሬው 73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሁን ውፍረቱን በ10 በመቶ እናሳሳው። ሁለቱ ሲጣመሩ አዲሱ በርሜል ከመጀመሪያው 13 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ክብደቱስ? በሲሶ ያህል ቀንሷል። ቀለለም፣ ጠነከረም። በነፃ ግን አይደለም። አራት ኢንች የቆረጠ ሰው ከጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ80 እስከ 100 ጫማ ያህል ያጣል። እስከ 300 ያርድ ለሚያድን ሰው ይህ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። 600 ያርድ ላይ ካልተኮስኩ ለሚል ሰው ያሳስበዋል፤ እሱ ግን ከመጀመሪያውም ሌላ ዓይነት ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገው።

ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር አለ። በርሜል ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የታንክ በርሜልም ይንቀጠቀጣል። ጥያቄው በየተኩሱ አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይንቀጠቀጣል ወይ ነው። አንድ ዓይነት ከሆነ ጥይቱ አንድ ቦታ ያርፋል። ይህን የሚወስነው ደግሞ በርሜሉ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ሰደፉ (በርሜሉንና ቦልቱን የሚሸከመው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ አካል) ውስጥ የተቀመጠበት መንገድ ነው።

ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ሜልቪን ፎርብስ የሚባል ጠመንጃ ሠሪ እንይ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከቴሌስኮፑ በፊት 5 ፓውንድ ገደማ የምትመዝን ጠመንጃ መሥራት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ ሠሪው ሁሉ «በርሜል ሰደፉን መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር» ይል ነበር። አሁንም አብዛኛው ይላል። ፎርብስ ግን ተቃራኒውን አደረገ። ሰደፉን ከኬቭላርና ከካርበን ክር ሠርቶ ከበርሜሉ የበለጠ እንዳይጎብጥ አደረገው። ከዚያ በርሜሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰደፉ ላይ አስተኛው። ቀጭኑ በርሜል ብቻውን አይወዛወዝም፤ የሚደግፈው ጠንካራ አካል አለው። እነዚያ ጠመንጃዎች በትክክለኛነታቸው ስም ያተረፉ ናቸው። ባሬት የተባለው ጠመንጃ ሠሪ በ2017 ፊልድክራፍት የተባለውን ቀላል ጠመንጃ ሲያወጣም ይህንኑ መንገድ ነው የተከተለው። «ቀጭን ስለሆነ አይመታም» የሚለው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ የፎርብስ ጠመንጃ ገና ድሮ ከገበያ በወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ። ቀላል ጠመንጃ ጥይት ይመርጣል። ከባዱ የሰጡትን ሁሉ በመጠኑ ሲሰበስብ፣ ቀላሉ አንዱን ዓይነት ጥይት ወድዶ ሌላውን ይበትናል። ስለዚህ ገዢው ሦስት አራት ዓይነት ጥይት ገዝቶ መሞከር አለበት። ይህ ገንዘብም ጊዜም ይወስዳል። ርካሽ ፕላስቲክ ሰደፍም ችግር አለው፤ የፊቱ ክፍል ሲጫኑት ጎብጦ በርሜሉን ይነካል። ድንጋይ ላይ ሲያስደግፉት ጥይቱ አንድ ቦታ፣ ከረጢት ላይ ሲያስደግፉት ሌላ ቦታ ያርፋል። ይህ ግን የርካሽ ሰደፍ በሽታ ነው። ከባድ በርሜል የተገጠመላቸው ርካሽ ጠመንጃዎችም ላይ ይታያል።

ሙቀትን በተመለከተ ጸሐፊው የለኩት ነገር እውነት ነው። የለኩት ግን አደን አይደለም።

በርሜል ሲግል ለምን ጥይቱ ይሸሻል? በርሜሉ ሲቦረቦርና ሲቃና ብረቱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ይቀራል። ሙቀት ሲደርሰው ያ ውጥረት ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ውጥረቱ በደንብ የተለቀቀለት በርሜል ሲግል ስብስቡ ትንሽ ቢሰፋ እንጂ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም። ይህ የአሠራር ጥራት ጉዳይ ነው። ቀጭኑ ቶሎ ይግላል፣ ወፍራሙ ቆይቶ ይግላል፤ ልዩነቱ ይሄ ነው።

አሁን ኤልክ አዳኙን አስቡት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቷል። ብርዱ ከዜሮ በታች ነው። በርሜሉ እንደ አየሩ ቀዝቅዟል። ጎህ ሲቀድ አንድ ወንድ ኤልክ ከጫካው ጠርዝ ወጥቶ ቆመ። አንድ ጥይት ይተኩሳል። ምናልባት ሁለተኛ። ሦስተኛ ከደረሰ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። አሥረኛዋን ጥይት የሚተኩስ አዳኝ በርሜሉን ሳይሆን ራሱን ይመርምር። ስለዚህ ለአዳኝ ወሳኙ ልኬት ከቀዝቃዛ በርሜል የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥይት የት እንዳረፈች ነው። ጸሐፊው 10 ጥይት አከታትለው ሲተኩሱ ይህችን አንዲት ጥይት ከጋለ በርሜል ከወጡ ዘጠኝ ጥይቶች ጋር ቀላቅለው ቀበሯት። ወረቀታቸው ላይ የትኛዋ ቀዳዳ የመጀመሪያዋ እንደሆነች እንኳ አልነገሩንም።

ለነገሩ የራሳቸውን ቁጥር እንውሰድና እንመርምረው። የ10 ጥይት ስብስብ ስፋት ማለት እርስ በርስ በጣም የተራራቁት ሁለት ጥይቶች ርቀት ነው። የቀሩትን ስምንቱን አይናገርም። በስታቲስቲክስ ሕግ ካሰላነው 3 ኢንች የሆነ የ10 ጥይት ስብስብ ውስጥ አንድ ጥይት ከመካከሉ የሚርቀው በአማካይ አንድ ኢንች ያህል ነው። 200 ያርድ ላይ ሁለት ኢንች፣ 300 ያርድ ላይ ሦስት ኢንች ይሆናል። የኤልክ የልብና የሳንባ ቦታ 10 ኢንች ያህል ስፋት አለው። ይህ ማለት 200 ያርድ ላይ፣ ያ የጋለና የተወገዘ ጠመንጃ ከ100 ጥይት 99ኙን ያህል በዚያ ውስጥ ያሳርፋል ማለት ነው። 300 ያርድ ላይ ግን ከ10 ጥይት አንዷ ያህል ልትወጣ ትችላለች። ለኔ ይህ አይበቃኝም፤ አንድ እንስሳ አቁስሎ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ደግሞ እናስታውስ፤ የምንናገረው ከመጠን በላይ ስለጋለ በርሜል ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ የ.308 ጥይትን 300 ያርድ ላይ ከ6 እስከ 7 ኢንች ይገፋል። ነፋሱን በግማሽ የተሳሳተ አዳኝ ጠመንጃው ከሚበትነው በላይ ስቷል። ተራራ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚነፍሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም።

ከባድ በርሜል የሚያስፈልግበት ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። ዋዮሚንግና ሳውዝ ዳኮታ ሜዳ ላይ ፕሬሪ ዶግ የሚባለውን ጉድጓድ የሚቆፍር ትንሽ እንስሳ የሚተኩሱ ሰዎች በቀን መቶዎች ጥይት ይጨርሳሉ። ለነሱ ቀጭን በርሜል ቀልድ ነው። የውድድር ተኳሽም እንዲሁ። ጸሐፊው ለነሱ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ ባካፈልኩት ነበር።

ስለ ፋብሪካ ዋስትና የተናገሩት ላይ ከግማሽ በላይ እስማማለሁ። ጠመንጃ ሠሪዎቹ ዌዘርቢም ቲካም ዋስትና የሚሰጡት በሦስት ጥይት ነው። ሦስት ጥይት ትንሽ ነው። በአማካይ አንድ ኢንች የሚሰበስብ ጠመንጃ በአምስት ጥይት ኢንች ከሩብ ገደማ፣ በ10 ጥይት ኢንች ተኩል አልፎ ይሄዳል። ጠመንጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቆጠራው ነው። አንዱን ጥሩ ስብስብ ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ዋስትናው ግን ለከባዱም ለቀላሉም በተመሳሳይ መለኪያ ነው የሚሰጠው። ቲካ ለቀላሉ ላይት ሞዴል የሚሰጠው ዋስትና ወፍራም በርሜል ላለው ከሚሰጠው አይለይም። በርሜሎቹ የሚቀጠቀጡት ፊንላንድ፣ ሪሂማኪ ከተማ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዋስትናው ማታለያ ከሆነ የሚያታልለው ሁሉንም ነው። ቀላሉን ለብቻው የሚከስ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ርግጫ። የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ልቆይበት እፈልጋለሁ።

ቀላል ጠመንጃ ይራገጣል። ክርክር የለውም። ጥይቱ አንድ ከሆነ የርግጫው ጉልበት ከጠመንጃው ክብደት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። የታወቀው .30-06 ጥይት በ8 ፓውንድ ጠመንጃ ወደ 20 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ርግጫ ይሰጣል። ያንኑ ጥይት 6 ፓውንድ ጠመንጃ ውስጥ ብትከቱት ወደ 27 ይደርሳል። .300 ዊንቸስተር ማግነም የተባለውን ኃይለኛ ጥይት በ6 ፓውንድ ተኩል ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ከ30 በላይ ይቀበላል። ያ ትከሻን ብቻ ሳይሆን አእምሮን ይመታል። ሰውየው ቀጣዩን ምላጭ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሸሻል፣ እጁን ይጨብጣል። ጥይቱ ሲስት «ጠመንጃው አይመታም» ይላል። ብዙዎቹ በቀላል ጠመንጃ ላይ የሚሰነዘሩ ቅሬታዎች መነሻቸው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። በርሜሉ ጤነኛ ነው፤ የፈራው ተኳሹ ነው።

ታዲያ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ 11 ፓውንድ ይግዙ» ይላሉ። ለምን? ሌላው መንገድ ትንሽ ጥይት መምረጥ ነው። 6.5 ክሪድሞር የተባለው ጥይት በተመሳሳይ ጠመንጃ የማግነሙን ግማሽ ገደማ ብቻ ነው የሚራገጠው። 7 ሚሊ ሜትር 08ም በዚያው አካባቢ ነው። ኤልክ ይጥላሉ ወይ? የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) የሚመዝን እርሳስና 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ነው። ሁለቱም ይህን በሰፊው ያልፋሉ። ሳንባ መሃል ያረፈች ትንሽ ጥይት ሆድ ካገኘች ማግነም ትበልጣለች።

ለዚህ የድሮ ምስክር አለኝ። ስኮትላንዳዊው ደብሊው ዲ ኤም ቤል በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምሥራቅ አፍሪካን ሲያዳርስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍም ዘልቋል። ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል ይባላል። ለዝሆኖቹ አዝናለሁ። ግን አብዛኞቹን የገደለው በዘመኑ ሌሎች ይዘውት በሚዞሩት ትልልቅ መሣሪያ ሳይሆን በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። ጠመንጃውን የሚሸከመው ራሱ ስለነበር ቀላል እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። ባዶ ጠመንጃ ይዞ ማነጣጠር መለማመድም ልማዱ ነበር።

ልምምዱ ለኛም ይሠራል። ጥይት የሌለበት መሆኑን ሁለቴ አረጋግጦ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጦ፣ ቤት ውስጥ በደኅና አቅጣጫ ባዶ ቃታ መሳብ ከክፍያ ነፃ ነው። አያያዙም ይለያል። ከባድ ጠመንጃን ከረጢት ላይ አጋድመው ከኋላ ብቻ ይዘው ቢተኩሱ ይሠራል። ቀላሉን እንዲህ ከያዙት ይፈናጠራል። የፊቱን ክፍል በግራ እጅ ያዝ አድርጎ ትከሻ ውስጥ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ተኩስ ሜዳ ላይ ቀላል ጠመንጃን በከባድ ጠመንጃ አያያዝ ይሞክርና ጠመንጃውን ይከሳል። ጸሐፊው ያቀረቡት ፎቶ ላይም ግራ እጃቸው ከኋላ ሰደፉ ሥር ነው። እንግዲህ...

የርግጫ መቀነሻ አፈሙዙ ላይ የሚያስሩም አሉ። እኔ አልወድም። ርግጫውን ይቀንሳል፤ ጆሮን ግን ይጎዳል፣ አጠገብ የቆመውን ሰው ደግሞ ይበልጥ። አደን ላይ ጆሮ መድፈን የሚረሳ ብዙ ነው። ይህን ጸሐፊውም ተናግረዋል፤ ትክክል ናቸው።

ከባድ ጠመንጃ ሲያልሙበት ረጋ ይላል ያሉትም እውነት ነው። የልብ ምትና ድካም ቀላሉን ቶሎ ያነቃንቁታል። ነገር ግን ያ ልብ ለምን ያን ያህል ይመታል? አንዱ ምክንያት ዳገቱን ያን ከባድ ጠመንጃ ይዘው መውጣታቸው ነው።

አምስተኛው ክስ አስተማማኝነት ነው። ምንሽርን በማንሣት ልባችንን ሊያሸንፉ ሞክረዋል፤ ትንሽም ተሳክቶላቸዋል። ማን ምንሽር አይወድም? ግን የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሆነውን ማውዘር 98ን አስተማማኝ ያደረገው ክብደቱ ነው? አይደለም። ጥይቱ ከካዝና እንደወጣ ሰፊ መንጠቆ ከኋላው ይይዘዋል፤ እስኪጎርስና ቀለሁ እስኪወጣ አይለቀውም። ቦልቱ ፊት ለፊት ሁለት ጠንካራ ጥርሶች፣ ከኋላ ሦስተኛ መጠባበቂያ ጥርስ አሉት። ቀለህ ቢፈነዳ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ተበጅቶለታል። አስተማማኝነቱ ንድፉ ውስጥ ነው። ያንኑ ዓይነት መንጠቆ ኪምበር 84ኤም ላይ ታገኙታላችሁ፤ በጣም ቀላሉ ሞዴሉ 5 ፓውንድ አይሞላም። ኪምበር ላይ ቅሬታ የለም አልልም። አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ራስ ምታት ሆኖ የደረሳቸው ሰዎች አሉ። ይህ ግን የፋብሪካው የጥራት ቁጥጥር ጉዳይ ነው።

ደግሞ በተቃራኒው እንይ። ሬሚንግተን በ2014 ኤክስ ማርክ ፕሮ የተባለውን ምላጭ ከሞዴል 700 እና ከሞዴል ሰቨን ጠመንጃዎች ለማስተካከል መልሶ ጠርቷል። ሲገጣጠም ከመጠን በላይ የተቀባ ማጣበቂያ ሳይሳብ እንዲተኩስ ሊያደርገው ይችል ነበር። ከተጠሩት መካከል ወፍራም በርሜል ያላቸውም ነበሩ። ክብደታቸው አላዳናቸውም። ጸሐፊው «ቀጭን በርሜል ይፈነዳል» ብለው በ2004 የቲካ አምራች የሆነው ሳኮ የጠራቸውን ጠመንጃዎች ያነሣሉ። መጠራታቸው እውነት ነው። ችግሩ ግን የማይዝገው ብረት ጥራት ነበር። የተጠሩትም ቀላሉ ቲካ ብቻ ሳይሆን ሳኮ 75ም ጭምር ነው።

ስለ ፕላስቲክም ላንሣ። የቲካ ካዝና ፕላስቲክ ነው፤ መልኩም አያምርም። ግን የካናዳ ሬንጀሮችን ተመልከቱ። ከሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚዘዋወሩ ጠባቂዎች ናቸው፤ ዋልታ ድብ የሚያጋጥማቸው፣ ብርዱ ምራቅ የሚያደርቅ። ለአሥርተ ዓመታት ሊ ኤንፊልድ ይዘው ኖረዋል፤ እሱም የምንሽር ዘመን ጠመንጃ ነው። ሲተካላቸው የተመረጠው ሲ-19 በቲካ ቲ3ኤክስ ላይ የተመሠረተ ነው። ለሐቁ ስል፣ ሲ-19 በራሱ ቀላል ጠመንጃ አይደለም። በርሜሉም ወፈር ያለ ነው። ቦልቱና ቦልቱ የሚመላለስበት አካል ግን ከቀላሉ ላይት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በኋላ ቅሬታ ሲነሣ የተሰነጠቀው ምኑ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰደፉ። ሰደፉ ደግሞ ከተነባበረ እንጨት የተሠራ ነው።

አደን ላይ ጠመንጃ የሚከዳበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። ቦልቱ ውስጥ የቀረ ወፍራም ግራሶ ብርድ ሲመታው ይረጋና መምቻው ጥይቱን በደንብ አይመታም። የሰደፉ ብሎኖች ይላላሉ። የቴሌስኮፑ ማሰሪያ ይላላል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱትን የቀላል ጠመንጃ ደካማ ጎን እኔ ልንገራችሁ፤ ቴሌስኮፑ ነው። ርግጫው ስለሚበረታ ሁልጊዜ ይደበድበዋል። ሰውየው ደግሞ ግራም ለመቆጠብ ብሎ ቀላልና ርካሽ ቴሌስኮፕ ይገጥምበታል። አንድ ቀን ውስጡ ይላላል፤ ጥይቱ መንከራተት ይጀምራል። በርሜሉ ይረገማል። ከጠመንጃው የቀነሳችሁትን ገንዘብ ቴሌስኮፑና ማሰሪያው ላይ ጨምሩት፤ ብሎኖቹንም በልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ አጥብቁ።

ካርበን የተጠቀለለባቸው በርሜሎች ላይ ጸሐፊው አንድ አንቀጽ አጥፍተዋል። ውድ ናቸው፣ ለተራ አዳኝ አያስፈልጉም ይላሉ። ልክ ነው። እንለፈው።

ወደ ሆዱ እንምጣ። «ሁለት ፓውንድ ከሆድህ ቀንስ» ጥሩ ቀልድ ነው፤ ምክሩም አይከፋም። ችግሩ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሆድ ወገብ ላይ ነው የሚሸከሙት፤ ጠመንጃ እጅ ላይ ነው። እንስሳው ቅርብ ሲሆን ትከሻ ላይ አይንጠለጠልም፤ በሁለት እጅ ተይዞ፣ ቅርንጫፍ እየታለፈ፣ በድንጋይ ናዳ ላይ ይኬዳል። አዲስ አበባ ያደግን ነን፣ ዳገት እናውቃለን የምንል አለን። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ዴንቨር 1,600። ኤልክ ግን በመጸው ከ3,000 ሜትር በላይ አዘውትሮ ይገኛል። ከዴንቨር ቢሮ ወጥቶ እዚያ የደረሰ ሰው ልጅነቱ የት እንዳለፈ ሳንባው ረስቶታል።

የራሳችን አገር ምሳሌም አለ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ፣ በዋናነት ከባሌና ከአርሲ ደጋ፣ በቀር በዓለም የትም የለም። የሚኖረውም በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመንግሥት ኮታ፣ በፈቃድ ለማደን ከውጭ የሚመጡት ሰዎች በውጭ ምንዛሪ ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ በቀናት ፍለጋ የሚያገኙት ምናልባት አንድ ዕድል ነው። በውርጭና በጭጋግ ውስጥ፣ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። እነዚህ ሰዎች 5 ኪሎ ጠመንጃ ቢይዙ የሚከለክላቸው የለም። ለእንዲህ ያለው ተራራ ግን ከክብደት ይልቅ ቅለት ነው የሚመከረው።

ጠፍጣፋ አገር፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ መኪና አጠገቡ ከሚያደርሰው ማማ ላይ ተቀምጦ አጋዘን ለሚጠብቅ ሰው ግን የጸሐፊው ምክር ትክክል ነው። ከባዱን ይግዛ። ርግጫውም ይቀንስለታል፣ ጠመንጃውም ይረጋለታል፣ የሚሸከመውም የለም። ጽሑፉ ላይ «ለሁሉም አዳኝ» የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አሁን ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀላሉ ጠመንጃ እጅዎ ላይ እንዳለ ጽፈዋል። ለ10 ቀን፣ በየቀኑ ጠዋት፣ ከቀዝቃዛ በርሜል አንድ ጥይት ብቻ 100 ያርድ ላይ ይተኩሱ። አሥሩንም አንድ ወረቀት ላይ፤ ወረቀቱን በየቀኑ ያንሡና ማግስቱ መልሰው ይስቀሉት። ግራ እጅዎን የፊቱ ክፍል ላይ አድርገው። ከባዱንም በዚያው መንገድ ይሞክሩት። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያውጡልን፤ ሰፊው እኔ የተሟገትኩለት የቀላሉ ጠመንጃ ቢሆንም ግድ የለም።